ከሳይንሳዊ ስም ሁለተኛው ቃል ምን ይናገራል? ስለ ላቲን የመለያ ቃላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች በመማሪያ መጻሕፍት፣ በዘርና በቅመም ማሸጊያዎች፣ በፓርኮች መግቢያ በተተከሉ ሰሌዳዎች ላይ ይገኛሉ። ብዙ አንባቢዎች የመጀመሪያውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ተቀብለው ያልፉትና ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱም የዚያን ነገር ዓይነተኛ ጠባይ፣ መልክ ወይም አገር ይናገራል ተብሎ የሚጠበቀው እርሱ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የላቲንና የግሪክ ቃላቱ በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል።

ሳይንሳዊ ስም ለምን በሁለት ቃል ይጻፋል?

ከስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በፊት የአውሮፓ ሊቃውንት አንድን ተክል ይጠሩት የነበረው በረጅም ሐረግ ነው። ቅጠሉ እንዲህ፣ አበባው እንዲያ፣ ግንዱ ይህን የመሰለ እያሉ ከተመሳሳዮቹ የሚለዩትን ምልክቶች በላቲን ይደረድሩ ነበር፤ አዲስ ተክል በተገኘ ቁጥር የቀድሞው መለያ ስለማይበቃ ሐረጉ እየረዘመ ይሄዳል። ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው የዕፅዋት መዝገብ ረጅሙን መግለጫ ሳይተው፣ ከጎኑ በኅዳጉ ላይ ለእያንዳንዱ ተክል አንዲት አጭር ቃል አኖረለት። በ1758 ደግሞ ለእንስሳት እንዲሁ አደረገ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ቃል በወገኑ ውስጥ ያለውን አንድ ዝርያ የሚያመለክትበት ሥርዓት የቆመው በእነዚህ ሁለት መዝገቦች ላይ ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ለሊኔየስ የተክሉ እውነተኛ መግለጫ ረጅሙ ሐረግ ነበር፤ አጭሯ ቃል ግን ለማስታወስና ለመጥራት እንድትመች የተቀመጠች እጀታ ነበረች። ረጅሙ ሐረግ በጊዜ ብዛት ከአገልግሎት ወጣና እጀታዋ ብቻ ቀረች። ሁለተኛው ቃል የነገሩን ሙሉ ጠባይ እንዲናገር መጠበቅ ያልተሰጠውን ኃላፊነት መጠየቅ ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹም የሚነሡት ከዚህ ነው።

ላቲን «የእገሌ ዓይነተኛ ጠባይ ነው» የሚለውን በምን ይገልጻል?

በዚህ በኩል ላቲን ከአማርኛ ብዙም አይርቅም። እኛ «ችኮላ የልጅ ነው» ስንል «የ»ን ከባለቤቱ ላይ አስቀድመን «ነው» በሚለው እንደምንዘጋው ሁሉ፣ ላቲንም ባለቤቱን በአገናዛቢ ሙያ አስቀምጦ በ«ነው» ግሥ ብቻ የጠባይን ሐሳብ ይጨርሳል። ሮማዊው አንደበተ ርቱዕ ሲሴሮ በፖለቲካ ባላጋራው በማርክ አንቶኒ ላይ ካደረጋቸው ንግግሮች በአንዱ፣ መሳሳት የማንም ሰው እንደሆነ፣ በስሕተት መጽናት ግን የሞኝ ብቻ እንደሆነ የተናገረው በዚህ አገባብ ነው። ለአንድ ነገር ብቻ የተለየውን ለመግለጽ «ፕሮፕሪዩስ» የሚል ቅጽል አለ፤ ለብዙዎች የጋራ ለሆነው ደግሞ ተቃራኒው «ኮሙኒስ» አለ።

ስም አውጪዎችን ይበልጥ የጠቀማቸው ግን ከስም ቅጽል የሚያወጡት መድረሻዎች ናቸው። «ኢኑስ» የሚለው መድረሻ በተለይ ከእንስሳት ስሞች ጋር ይሄዳል፤ ከ«ካኒስ»፣ ማለትም ከውሻ፣ «ካኒኑስ» ይወጣል፤ ክራንቻ ጥርሳችንም በሕክምና ቋንቋ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። «ኢሊስ» የሰውን ዕድሜና ጾታ ጠባይ ያወጣል፤ «ፑዌሪሊስ» የልጅ፣ «ሴኒሊስ» የሽማግሌ፣ «አኒሊስ» የአሮጊት የሆነውን ይናገራሉ። «ኦሱስ» የሞላበትን ወይም የበዛበትን ያመለክታል። «ኤንሲስ»፣ «ኢኩስ» እና «አኑስ» አገርን ይጠቁማሉ። ከግሪክ የተወሰደው «ኦይደስ» ደግሞ «የሚመስል» ማለት ነው፤ ጌሾ «ራምኑስ ፕሪኖይደስ» የተባለው ግሪኮች «ፕሪኖስ» የሚሉትን የባሉጥ ዛፍ ይመስላል ተብሎ ነው።

በመድረሻዎቹ መካከል ለጆሮ ሲባል የተበጀች አንዲት ሥርዓት አለች። «አሊስ» የሚለው መድረሻ ከሥሩ ውስጥ «ል» ያለበት ቃል ሲያጋጥመው ሁለት «ል» እንዳይደጋገም አብዛኛውን ጊዜ ወደ «አሪስ» ይለወጣል። ከ«ኦፊሲና» «ኦፊሲናሊስ» ሲወጣ፣ ከ«ኩሊና» ግን «ኩሊናሪስ»፣ ከ«ቩልጉስ» ደግሞ «ቩልጋሪስ» የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱም ቃላት ከወጥ ቤታችን ዕቃ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከቅርጽ የተወሰዱ ስሞች እንዴት ይነበባሉ?

እነዚህ ተክሉን በእጅ ይዞ ማመሳከር የሚቻልባቸው ስለሆኑ ከሁሉም ይልቅ ደስ የሚሉ ናቸው። ሽምብራ «ሲሰር አሪየቲኑም» ይባላል፤ «አሪየስ» አውራ በግ ነው፣ «አሪየቲኑም» የአውራ በግ የሆነ ወይም የሚመስል ማለት ነው። አንዲት የሽምብራ ፍሬ በጣትና በጣት መካከል ይዞ በጎን በኩል ለተመለከታት ሰው፣ ሾጣጣው ጫፏ እንደ አፍንጫ፣ በሁለት ወገን ያበጠው ጀርባዋ ወደ ኋላ እንደተጠመዘዘ ቀንድ ሆኖ ይታየዋል። ይህን የአውሮፓ ሊቃውንት አልፈጠሩትም፤ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ከሽምብራ ዓይነቶች አንዱ የአውራ በግ ራስ ስለሚመስል በዚያ ስም እንደሚጠራ ጽፏል። የሲሴሮ የቤተሰብ ስምም ከዚሁ «ሲሰር» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው ከአያቶቹ የአንዱ የአፍንጫ ጫፍ እንደ ሽምብራ ስንጥቅ ነበረበት።

እንሰት «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ነው። «ቬንተር» ሆድ ሲሆን፣ ቅጽሉ ሆዱ የተነፋ ማለት ነው፤ ከሥሩ በላይ የሚያብጠውን ግንድ መሰል ክፍል ያየ ሰው ስሙን አይከራከርም። የወገኑ ስም ደግሞ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የመዘገበው የአገራችን ቃል ራሱ ነው። ጉሎ «ሪሲኑስ ኮሙኒስ» ይባላል። እዚህ መለያውን የተሸከመው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ «ሪሲኑስ» በላቲን መዥገር ማለት ሲሆን፣ ዥንጉርጉሯና አንጸባራቂዋ የጉሎ ፍሬ ደም የጠጣች መዥገር መምሰሏን ያላስተዋለ ያለ አይመስለኝም። አደይ አበባ «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ነው፤ የመጀመሪያው ቃል «ሁለት ጥርስ»፣ ሁለተኛው «ትልቅ ክንፍ ያላት» ማለት ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ደረቀችው ፍሬዋ ነው፤ መስከረምን ስለሚያደምቀው ቢጫ ቀለሟ አንዳች አላሉም። በደጋማው አገራችን የሚታየው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ «ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ» ሲባል፣ ስሙ በአማርኛ የምንለውን ያንኑ ቃል በቃል ይላል።

የምናውቀውን ጠባይ ትቶ ሌላውን የሚናገር ስም ለምን ይወጣል?

ስም የሚያወጣው ሰው ከፊቱ ያለውን ነገር እንጂ የአገሬውን ኑሮ ሁልጊዜ ስለማያይ ነው። እንዶድን እንውሰድ። ለእኛ እንዶድ ማለት ነጠላና ጋቢ የሚያጥብ፣ ውኃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ የሚደፍቅ ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አይተው፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሊገድል እንደሚችል ካሳዩ በኋላ ደግሞ ዓለምም በዚህ አወቀው። ሳይንሳዊ ስሙ ግን «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ነው፤ «ዶዴካንድራ» ዐሥራ ሁለት ወንዴ አካላት ያሉት አበባ ማለት ነው። ስም አውጪው በአጉሊ መነጽር ፊት የደረቀ ናሙና ዘርግቶ የአበባውን ክፍሎች ለሚቆጥር ባለሙያ መለያ ይሆናል ያለውን ወሰደ፤ ለእርሱ ሥራ ይህ በቂ ነበር።

ሱፍም እንዲሁ ነው። በጾም ቀን የሱፍ ፍትፍት የቀረበለት ሰው «ካርታሙስ ቲንክቶሪዩስ»ን ከማዕዱ ጋር ማገናኘት ይቸግረዋል፤ «ቲንክቶሪዩስ» የቀለም ነካሪዎች የሆነ ማለት ነውና። በሜዲትራንያንና በእስያ አገሮች ተክሉ የታወቀው ከአበባው በሚወጣው ቢጫና ቀይ የጨርቅ ቀለም ነበር። አብሽ «ትሪጎኔላ ፌኑም ግሬኩም»፣ በቀጥታ «የግሪክ ድርቆሽ» የተባለው ሮማውያን ለከብት መኖ ይዘሩት ስለነበር ነው፤ የእኛ አገር ሰው አብሽን ለቁርጠትና ለወጥ እንጂ ለበሬ ማሰቡ ያጠራጥራል። ተልባ ደግሞ «ሊኑም ኡሲታቲሲሙም» ነው፤ «እጅግ የተለመደ፣ በጣም ጥቅም ላይ የዋለ» ማለት ሲሆን፣ አውሮፓውያኑ ይህን ሲሉ ከግንዱ ቃጫ የሚፈተለውን የተልባ እግር ጨርቅ ጭምር ያስባሉ፤ እኛ የምናስበው ፍሬውን ነው። በእኔ አስተያየት እነዚህ ስሞች ስሕተት አይደሉም፤ አንድ ተክል ለማን ምን እንደነበረ የሚመሰክሩ ሰነዶች ናቸው።

«ሳቲቫ»፣ «ኦፊሲናሊስ» እና «ቩልጋሪስ» በብዙ ስሞች ላይ የሚደጋገሙት ለምንድን ነው?

ሦስቱም ከሰው ጋር ያለን ዝምድና የሚገልጹ በመሆናቸው ነው። «ሳቲቩስ» የሚዘራ ማለት ሲሆን፣ በዱር ከሚበቅለው ዘመዱ የሚለየውን የእርሻ ተክል ያመለክታል፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና አተር በተለምዶ ስማቸው ሁሉም ይህን ቃል ይጋራሉ። «ኦፊሲና» በጥንታዊው ላቲን የባለሙያ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ግን በገዳማት የመድኃኒት ቅጠላ ቅጠል የሚቀመምበትና የሚከማችበት ክፍል ይህን ስም ያዘ። ስለዚህ ዝንጅብል «ዚንጊበር ኦፊሲናሌ» ሲባል፣ በመድኃኒት ቀማሚ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ መሆኑ ተነግሯል፤ መድኃኒትነቱ በሳይንስ የተረጋገጠ መሆኑን ግን ቃሉ አይመሰክርም፤ አንዳንድ ሻጮች ይህን ቃል እንደ ማረጋገጫ ሲጠቅሱት ስለሚታይ ልብ ሊባል ይገባል።

«ቩልጋሪስ» ከ«ቩልጉስ»፣ ማለትም ከሕዝብ፣ የወጣና ተራ፣ የሁሉ፣ በየቦታው የሚገኝ ማለት ነው። ገብስ «ሆርደዩም ቩልጋሬ»፣ ቦሎቄ «ፋሴዮሉስ ቩልጋሪስ» ናቸው። በኋለኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉ ወደ ብልግና ትርጉም መዝቀጡ በሳይንሳዊ ስሙ ላይ ምንም ጥላ አያጠላም። ምስር «ሌንስ ኩሊናሪስ»፣ የወጥ ቤት ምስር፣ ይባላል፤ የመነጽር ሌንስም ስሙን ያገኘው ከምስር ፍሬ ቅርጽ ነው።

በአገር ስም የተጠራ ሁሉ የዚያ አገር ነው?

አይደለም፤ ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ክፍል የለም። በመጀመሪያ እውነት የሆኑትን እናንሣ። ቀይ ቀበሮ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ነው፤ ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ስም ነው፣ እንስሳውም ዛሬም በዚያ አለ። ነገር ግን ዛሬ ብዙው ቁጥሩ ያለው በባሌ ተራሮች በመሆኑ ስሙ ሙሉውን የመኖሪያ ካርታ አይሰጥም። ኮሰረት «ሊፒያ አዶኤንሲስ» የተባለው ከአድዋ ስም ነው። ኑግ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ»፣ ኮሶ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ሲባሉ፣ ቅጽሉ የቀድሞውን የአገራችንን የውጭ መጠሪያ ይዞ ቀርቷል። ኮሶ በኬንያና በታንዛንያ ተራሮች፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ይበቅላልና፣ ስሙ መጀመሪያ የት እንደታወቀ ይነግረናል እንጂ ሌላ ቦታ የለም አይልም።

ቀጥለው የሚመጡት ከትውልድ አገሩ ሳይሆን ነገሩ በመንገዱ ካለፈበት ቦታ የተወሰዱ ስሞች ናቸው። ቡናን ሊኔየስ በ1753 «ኮፌያ አራቢካ» ያለው አውሮፓውያን ያወቁት ከየመን ወደቦች በሚመጣው ንግድ ስለነበር ነው። የዚህ ዝርያ የተፈጥሮ መኖሪያ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መሆናቸው በኋላ ቢታወቅም ስሙ እንደተጻፈ ቀረ። ጤና አዳም «ሩታ ቻሌፔንሲስ» በሶርያዋ ሐለብ ከተማ ስም ተጠርቷል። ከሁሉም የሚያስገርመው ቀይ ባሕር ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራልያ ሆኖ ሳለ «ዩካሊፕቱስ ካማልዱሌንሲስ» ይባላል፤ በ1832 ስሙ የወጣለት በጣልያን አገር በኔፕልስ አጠገብ ካማልዶሊ በተባለ ቦታ፣ በአትክልት ሥፍራ በበቀለ ዛፍ መነሻነት ነውና።

«ኤቲዮፒካ» የሚለውስ የኢትዮጵያ መሆኑን አያረጋግጥም?

አያረጋግጥም። ጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ «ኤቲዮፒያ» ይሉት ነበር፤ የአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቃውንትም ይህን ልማድ ስለወረሱ ቃሉን «የአፍሪካ» ለማለት ተጠቀሙበት። በአበባ መሸጫዎች የምትታወቀው፣ ነጭ መለከት የመሰለችው «ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ» የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ናት። «ትሬስኪዮርኒስ ኤቲዮፒኩስ» የተባለው ወፍ በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ይኖራል፤ በጥንታዊት ግብፅ እንደ ቅዱስ ይታይ የነበረውም እርሱ ነው።

የበረሃ ከርከሮ ታሪክ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ፓላስ የተባለው ተመራማሪ በ1766 «ኤቲዮፒኩስ» ብሎ የሰየመው ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ከኬፕ፣ በመጣ እንስሳ ላይ ተመሥርቶ ነው። የኬፑ ከርከሮ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከምድር ጠፋ። የቀረው የዚህ ዝርያ ዘር ያለው በአፍሪካ ቀንድና በሰሜን ኬንያ በመሆኑ፣ «ኤቲዮፒኩስ» የሚለው ሲወጣ ለዛሬው ካርታ ያልታሰበ ቃል፣ በአጋጣሚ እውነት ወደ መሆን ቀርቧል።

የቃሉ መጨረሻ አንድ ጊዜ «ኡስ»፣ አንድ ጊዜ «አ»፣ አንድ ጊዜ «ኡም» የሚሆነው ለምንድን ነው?

ቅጽሉ የወገኑን ስም ጾታ ስለሚከተል ነው። ላቲን ተባዕት፣ አንስትና ግዑዝ የሚባሉ ሦስት ጾታዎች አሉት። ዛፍራን «ክሮኩስ ሳቲቩስ»፣ ጥቁር አዝሙድ «ኒጌላ ሳቲቫ»፣ ድንብላል «ኮሪያንድሩም ሳቲቩም» የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው። በ«ኤንሲስ» የሚያልቁት ደግሞ ለተባዕትና ለአንስት አንድ ሆነው ለግዑዝ ጾታ ወደ «ኤንሴ» ይለወጣሉ፤ ዶቅማ «ሲዚጊዩም ጊኔንሴ» ነው።

ተማሪዎችን የሚያደናግረው የዛፎች ነገር ነው። በላቲን የዛፍ ስሞች በ«ኡስ» ቢያልቁ እንኳ በጥንቱ ልማድ አንስት ናቸው። ስለዚህ ጽድ «ጁኒፐሩስ ፕሮሴራ»፣ ረጅሟ ጽድ፣ ትባላለች፤ ጥቁር እንጨት «ፕሩኑስ አፍሪካና»፣ ዋርካ «ፊኩስ ቫስታ»፣ ግዙፏ፣ ናቸው። ነጭ ባሕር ዛፍ «ዩካሊፕቱስ ግሎቡሉስ» ተብሎ መቅረቱ ይህን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ሆኖም «ግሎቡሉስ» ቅጽል ሳይሆን ትንሽ ድቡልቡል ነገር ወይም ቁልፍ ማለት የሆነ ስም በመሆኑ ከጎኑ ላለው ጾታ አይገዛም።

ሁለተኛው ቃል ላቲን ያልሆነባቸው ስሞች ሕጋዊ ናቸው?

ናቸው። ዓለም አቀፉ የስም አወጣጥ ሕግ የሚጠይቀው ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ እንደ ላቲን መያዙን ነው። ጤፍ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ»፣ ኮረሪማ «አፍራሞሙም ኮረሪማ» ሲባሉ የአገራችን ቃላት ሳይታጠፉ ገብተዋል። በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ የተዘዋወረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያን «ካፕራ ዋሊየ» አለው፤ ጭላዳም «ጌላዳ» በሚለው አጻጻፍ ገባ። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ቀበሪቾን «ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ» ብለው ሲሰይሙ፣ ገበያ የሚያውቀውን ስም ዓለም አቀፍ አደረጉት። ለጥንታውያን የሰው ዘመዶች ስምም ከአፋርኛ ብዙ ተወስዷል፤ «አርዲፒቴኩስ ራሚዱስ» ውስጥ «አርዲ» ምድር፣ «ራሚድ» ሥር ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ የላቲን መድረሻ ተጨምሮለታል፤ በ1999 የተሰየመው «አውስትራሎፒቴኩስ ጋርሂ» ግን ያልተጠበቀ ነገር የሚል ትርጉም ያለውን የአፋርኛ ቃል እንዳለ ይዟል።

የሰው ስም ሲሆን ወደ አገናዛቢ ሙያ ይገባል፤ ለወንድ በ«ኢ»፣ ለሴት በ«ኤ» ያልቃል። ጦስኝ «ቲሙስ ሺምፔሪ» የተባለው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአርባ ዓመት ገደማ በአገራችን ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ባረፈው በጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ነው። «ኤኩዩስ ግሬቪ» የተባለው የሜዳ አህያ ደግሞ ከምኒልክ ተልኮላቸው ለነበረው ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለጁል ግሬቪ ክብር በ1882 ተሰየመ። እነዚህ ስለ ፍጥረቱ ጠባይ የሚናገሩት የለም።

ስሙ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝ ይቀየራል?

በዚያ ምክንያት ብቻ አይቀየርም። የዕፅዋቱም ሆነ የእንስሳቱ ሕግ፣ በሕግ የወጣ ስም ለነገሩ አይስማማም ተብሎ ሊሻር እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል፤ አለዚያ «አራቢካ» ከተነሣ «ካማልዱሌንሲስ»ም ይነሣል፣ መዝገቡም በየጊዜው እንደገና ይጻፋል። ስም የሚለወጠው በሌላ መንገድ ነው፤ ጥናት ዝርያውን ወደ ሌላ ወገን ሲያዛውረው። ጥብስ ቅጠል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለዘመናት «ሮስማሪኑስ ኦፊሲናሊስ» ሲባል ቆይቶ፣ በ2017 በወጣ ጥናት «ሳልቪያ» ከሚባለው ወገን ጋር ሲጠቃለል የቀድሞ መለያውን ይዞ መግባት አልቻለም፤ «ሳልቪያ ኦፊሲናሊስ» የሚባል ሌላ ተክል ቀድሞ ነበረና። ስለዚህ የወገኑ የነበረው ስም ወደ ሁለተኛው ቦታ ወርዶ «ሳልቪያ ሮስማሪኑስ» ሆነ።

አንድ ልዩ ውሳኔ ግን በቅርቡ ተላልፏል። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰበው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ፣ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችን ለመስደብ ከሚያገለግል ቃል ጋር የተያያዘው «ካፍራ» እና መሰሎቹ ከ2026 ጀምሮ «አፍራ» ወደሚለው፣ አፍሪካን ወደሚያመለክተው አጻጻፍ እንዲለወጡ ወስኗል። ከሁለት መቶ በላይ ስሞችን ነክቷል። አንዲት ፊደል በማንሣት ብቻ መፈጸሙ፣ በእኔ እምነት፣ ለመዝገቡም ለሰው ክብርም ያሰበ መፍትሔ ነው።

«ቲፒኩስ» የሚል ቃል ካለ የዝርያው ዓይነተኛ መልክ እርሱ ማለት ነው?

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይደባለቃሉ። በተራው አነጋገር ዓይነተኛ የምንለው አብዛኞቹን የሚመስለውን ነው። በስም አወጣጥ ሕግ «ቲፑስ» የሚባለው ግን ስሙ የተንጠለጠለበት አንድ የተወሰነ ናሙና፣ ማለትም ዋቢ ናሙና ነው፤ ዝርያው ወደፊት ለሁለት ቢከፈል ስሙ ዋቢው ወዳለበት ክፍል ይሄዳል። ይህ ናሙና ከብዙኃኑ ያነሰ፣ የተጎዳ ወይም ወጣ ያለ ቢሆን ለሕጉ ምንም አይደለም። ሉሲን፣ የእኛዋን ድንቅነሽን፣ እንመልከት። በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዝርያዋም በ1978 «አውስትራሎፒቴኩስ አፋሬንሲስ»፣ የአፋር፣ ተባለ። ይሁን እንጂ ዋቢ ናሙናው እርሷ አይደለችም፤ በታንዛንያ ላኤቶሊ የተገኘ የታችኛ መንጋጋ ነው።

በዕፅዋት በኩል ደግሞ፣ ከዝርያ በታች ላሉ ክፍሎች «ቲፒኩስ»፣ «ጌኑዊኑስ» ወይም «ቬሩስ»፣ ማለትም ዓይነተኛው፣ ትክክለኛው፣ እውነተኛው እያሉ ዋቢው ያለበትን ክፍል መሰየም ሕጉ አይፈቅድም። በዚያ ፈንታ የዝርያው ቃል ራሱ ይደገማል።

ስሞቹን በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እንዴት መጻፍና ማንበብ ይገባል?

በላቲን ፊደል ሲጻፉ የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው ቃል ከአገር ወይም ከሰው ስም ቢወጣም በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ሁለቱም ዘመም ተደርገው ይታተማሉ። በግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ በትእምርተ ጥቅስ መለየቱ ይበቃል። አነባበቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ ከ«ኤ» እና ከ«ኢ» በፊት የሚመጣውን «C» የተባለውን የላቲን ፊደል አንዱ «ስ»፣ አንዱ «ክ»፣ ጣልያኑ «ች» ይለዋል፤ ሽምብራ «ሲሰር»ም «ኪኬር»ም ቢባል ስሕተት የሚል ሕግ የለም። ለአንድ ጽሑፍ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠበቅ፣ ከዚህም ጋር የአማርኛውን ስም ሁልጊዜ አብሮ ማስቀመጥ ለአንባቢ ይጠቅማል። የአማርኛ ስም በራሱ ከወረዳ ወረዳ ሊለያይ ስለሚችል፣ ለዘር ግዢ ወይም ለመድኃኒት ጉዳይ በሚጻፍ ሰነድ ላይ ሳይንሳዊው ስም ከነሁለተኛው ቃሉ ሳይጎድል መጻፍ አለበት፤ የወገኑ ስም ብቻውን «ራምኑስ» ተብሎ ቢጻፍ ጌሾውን ከሌሎቹ የወገኑ ዝርያዎች መለየት አይቻልም።